የብርሃን መሞከሪያ

ስልኬ የጮኸው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር። የጋሼ ልጅ ነበረች። አላለቀሰችም፤ አልቅሳ የጨረሰች ሰው ድምፅ ነበር ድምፅዋ። «እህቴ፣ አባዬ ሌሊት ዐረፈ» አለችኝ። ቀብሩ በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «አንድ ደህና ፎቶ ፈልጉልን። መቼም እናንተ ዘንድ አይጠፋም» አለች።

«አሁኑኑ እልክልሻለሁ» አልኳት። ይህን ስል ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። የፎቶ ክበባችን አባላት ጋሼን ጨምሮ 23 ነን፤ ሁላችንም ካሜራ አለን፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድን ከጋሼ ጋር አሳልፈናል። በሐዋሳ ከተማ ፎቶው ሊበዛለት የሚገባ አንድ ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ዓመት አልፏል፤ «መቼም እናንተ ዘንድ አይጠፋም» የሚለው ቃል ግን ዛሬም ካሜራዬን ባነሳሁ ቁጥር ይሰማኛል።

እሑድ ጠዋት

ክበባችን ቢሮ የለውም፤ ማኅተምም የለውም። ያለን እሑድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አሞራ ገደል እንገናኛለን፤ ጀልባዎቹ ሌሊቱን ያጠመዱትን ይዘው የሚገቡበት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎችም የዓሣ ትራፊ ለመሻማት በዚያ ረጅም እግራቸው እየተንጎራደዱ የሚጠብቁበት ሰዓት ነው። የሐዋሳ ሰው እንደሚያውቀው ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችን ትወጣለች። ጀልባው፣ መረቡ፣ የዓሣ አጥማጁ ፊት ሁሉ ይበራል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ትጠልቅና ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። እንግዳ የሚወደው የማታውን ነው። እኛ ግን የጠዋት ሰዎች ነን፤ ፊት የሚታየው ጠዋት ነውና።

አንዷ አባላችን ነርስ ናት፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ሁለቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ይሠራሉ፤ ተማሪዎችም አሉ፤ እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አብዛኞቻችን ካሜራ የገዛነው በዕቁብ ነው። ካሜራ እዚህ እንደ ልብ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም፤ ያገለገለ ተፈልጎ፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ተልኮ ነው የሚገባው። ዕጣ የወጣለት ሰው ካሜራው እጁ እስኪገባ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ሌንስ የጋራ ነው ማለት ይቻላል፤ የእኔ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እኔ ዘንድ ካደረበት ሌሊት ሌላ ሰው ዘንድ ያደረበት ይበልጣል።

በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዳችን አንድ ፎቶ ብቻ አሳትመን እንመጣለን። አራት መቶ፣ አምስት መቶ ጊዜ ተኩሰህ አንዷን መምረጥ ከማንሳቱ ይልቅ ይከብዳል። ፎቶዎቹ ስም ሳይጻፍባቸው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና ይታደላል፤ ሰውም እየዞረ ልቡ በቆመበት ፎቶ ላይ ፍሬውን ያስቀምጣል። ቆጠራው ሲያልቅ ፍሬው ተሰብስቦ፣ ሌላ ቡና ተጨምሮበት ይቆላል።

ስም አይጻፍም እንላለን እንጂ ሁላችንም እናውቃለን። ነርሷ የምታነሳው እጅ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ የሚገፍፍ እጅ፣ መረብ የሚጠግን እጅ፣ ብር የሚቆጥር እጅ። ባጃጅ ነጂው ዝቅ ብሎ፣ ከወገብ በታች ነው የሚያነሳው፤ ቀኑን ሙሉ ጎዳናውን የሚያየው ከዚያ ከፍታ ስለሆነ ይመስለኛል። ከተማሪዎቹ አንዱ ደግሞ ሰው እንዳለ የሚያስታውቅ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ይወዳል፤ የተተወ ጫማ፣ ገና የሚጨስ ጀበና። ለእኔ ክበብ ውስጥ መሆን ማለት ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ከእነዚህ ሰዎች የአንዳንዶቹን የአባት ስም አላውቅም። ምን ሲያዩ እንደሚቆሙ ግን አውቃለሁ።

ጋቢ ይታጠባል

ጋሼ በክበባችን ብቸኛው የሙያ ሰው ነበሩ። መናኸሪያው አካባቢ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ከከተማው ሰው ስንቱ ጉርድ ፎቶውን እርሳቸው ዘንድ እንደተነሳ አይቆጠርም። ፊልም በጨለማ ክፍል ሲያጥቡ፣ ኔጋቲቭ ላይ በሾለ እርሳስ የፊት ጠባሳ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ዲጂታሉ መጥቶ ፎቶ ቤታቸው ሲዘጋ አንድ ዜኒት ካሜራ ብቻ አስቀሩ። የዚያ ካሜራ የብርሃን መለኪያ ባትሪ አይፈልግም፤ የሚያርፍበት ብርሃን ራሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። «ሲነጋ ይነቃል፤ ሲመሽ ይተኛል፤ እንደ ሰው» ይሉ ነበር። ፊልም ማግኘት ካቆሙ ወዲህ ካሜራው ባዶ ነው። እሑድ እሑድ ግን አንገታቸው ላይ ሳያንጠለጥሉት አይመጡም።

የመጀመሪያ ትምህርቴን መቼም አልረሳውም። አንድ አዛውንት ነጭ ጋቢ ተከናንበው ጀልባ ላይ ተቀምጠው አነሳኋቸው። ፎቶው ላይ ጋቢው አመድ መስሎ፣ ፊታቸው ደግሞ ጨርሶ ጠቁሮ ወጣ። ጋሼ በትከሻዬ ላይ ተመለከቱና «አንቺ ልጅ፣ ይህ ማሽን ዓለም ሁሉ አመድ ይመስለዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ የቀረበለትን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጭ ጋቢ ሲሞላበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል። ጋቢው ያድፋል፤ ጠይሙ ፊት ይሰምጣል። ሰው ሁሉ ነጠላና ጋቢ በሚለብስበት አገር ይህ የዘወትር ፈተና ነው። መድኃኒቱ መለኪያው ከሚለው አንድ፣ አንዳንዴም አንድ ተኩል ደረጃ ብርሃን መጨመር ነው። «ነጩ በብርሃን ብዛት ይቃጠላል እኮ» ብዬ ተከራከርኩ። «ፊቱን አትርፊ» አሉኝ፤ «ጋቢ ይታጠባል።»

ከዚያ እሑድ ጀምሮ የራሳቸውን ጋቢ ለብሰው መምጣት ጀመሩ። ገና ስንሰበሰብ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ይቆሙልናል፤ እኛም በየተራ አንድ ሁለት ጊዜ እንተኩስባቸዋለን። ፊታቸው ልክ ሲመጣ፣ ጋቢው ጋቢ ሲመስል፣ ካሜራችን ለዚያ ጠዋት ተስተካክሏል ማለት ነው። ከዚያ ፊታችንን ወደ ጀልባዎቹ እናዞራለን። እነዚያን የመሞከሪያ ፎቶዎች ማንም አያስቀምጣቸውም። ካርድ ያጣብባሉ። እኔ ባጃጅ ላይ ሆኜ ወደ ቤቴ ስመለስ መጀመሪያ የምሰርዘው እነርሱን ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ጋሼን እንዳነሳሁና ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ፍለጋው

በጠዋቱ ከምሽቱ ይልቅ ጨለማ የሆነ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ሰዎች እኔ ዘንድ ተሰበሰቡ። ሃርድ ዲስክ፣ ላፕቶፕ፣ ፍላሽ፣ ያለንን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍን። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፎቶ ነው። አንዳችንም አልተነጋገርንም፤ የሚሰማው የማውዝ ድምፅ ብቻ ነበር።

ጋሼን አገኘናቸው፤ ነገር ግን ስንጥቅጥቃቸውን ነው ያገኘነው። አንድ ፎቶ ላይ እጃቸው አለ፤ ብርሃን ወደ አንዲት ዓሣ ሻጭ ፊት የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ ይዟል። ሌላው ላይ ጥላቸው አለ፤ የባርኔጣቸው ቅርጽ የዓሣ ክምር ላይ አርፏል። ጉዱማሌ አደባባይ ባነሳነው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጫምባላላ ፎቶ ላይ፣ ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ጭፈራ ከሚጨፍሩት አዛውንቶች ጥግ ግማሽ ጆሮና የጋቢ ጫፍ ይታያል። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የሰው ልጆች ቅርስ ብሎ የመዘገበውን በዓል ከዳር እስከ ዳር ለመሰነድ ስንሯሯጥ፣ የእርሳቸውን ጆሮ ለሁለት ቆርጠነዋል። ባጃጅ ነጂው ያነሳው አንድ ፎቶ ላይ ደግሞ የባጃጁ መስታወት ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ።

የቡድን ፎቶ አለን። ታቦር ተራራ ላይ፣ ሐይቁና ከተማው ከኋላችን ተዘርግተው፣ 22 ሰዎች ስቀን። ነርሷ ፎቶውን ስትከፍተው ተስፋ አደረግን። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ጊዜ አስታወስን። ያነሱት እርሳቸው ናቸው። «ቀና በሉ» ሲሉን ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሁላችንም አገጫችንን ከፍ አድርገን የምናየው እርሳቸውን ነው። በዚያ ፎቶ ላይ 44 ዓይኖች ጋሼን ያያሉ።

ልጃቸው ጋ ደወልኩ። እነርሱም ቤት የለም። በቤቱ ውስጥ ያለው አልበም ሁሉ በአባት የተነሳ ስለሆነ አባት የለበትም። ያገኘችው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተለጠፈ፣ ክብ ማኅተሙ ትከሻቸውን አልፎ ጉንጫቸው ድረስ የወጣበት።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ሰው። ያን ጠዋት ተረቱን ያነሳችው ነርሷ ናት፤ እያለቀሰች። እኔ ግን ነገሩ ጋሼን ከመናቅ የመጣ አይደለም ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። ምኒልክን በዓይነ ኅሊናችን የምናያቸው ካሜራ በያዙ ሰዎች ዓይን ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባሉት አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራውን ቀጠሉ። የነገሥታቱን ፊት ብታሳዩኝ ወዲያው እለያለሁ። የቤድሮስን ፊት ግን መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም። ካሜራ የያዘ ሰው ዕጣው ይህ ይሆን? እንዲህ እያሰብኩ ሳለሁ ሌላው ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ቤድሮስን የሚያነሳ 22 ሰው አጠገቡ አልነበረም። ጋሼ አጠገብ ነበርን።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ደወለች። ክበቡን ከተቀላቀለች ሁለት ወር ያልሞላት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስለ እርሷ ያሰበ ማንም አልነበረም። እየፈራች «እኔ ፎቶ አልሰርዝም» አለች። «የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ ገና ስለማላውቅ ሁሉንም አስቀምጣለሁ።»

14 ፎቶ ላከችልን። ስምንቱ ደብዝዘዋል፤ ሦስቱ ላይ ዓይናቸው ተጨፍኗል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆምን።

ጋሼ ፀሐይዋን እያዩ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ተነስቷል፤ ሁለት ጣታቸውን አጣምረው «ቀና በይ» ሊሏት ነው፤ ጣቶቹ ስለተንቀሳቀሱ ደብዝዘዋል። አፋቸው ገና ቃሉን ሊጀምር ነው። ልጅቷ ብርሃን አብዝታለች። ጋቢው ጨርሶ ተቃጥሏል፤ ጥለቱ እንኳን ጠፍቶ ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኗል። ፊታቸው ግን አለ። በዓይናቸው ጥግ ያለው መስመር፣ ያልተላጨው ጢማቸው ሽበት፣ በግራ ዓይናቸው ውስጥ የምታበራ ትንሽ የፀሐይ ነጥብ፣ ሁሉም አለ። ጠረጴዛችን ላይ ብናስቀምጠው አንድ ፍሬ ቡና አያገኝም ነበር። ማናችንም አልተናገርንም። ነርሷ ብቻ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረችና «ጋቢው ታጥቧል» አለች።

ኮቱ

ማተሚያ ቤት የደረስነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጋሼ ልጅም እዚያው መጣች። ወጣቱ ባለሙያ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና እንደ ልማዱ «ሱፍ ላልብሳቸው? ክራባትም አለ» አለ። ከኋላ ደግሞ ሰማያዊ ሰማይና ደመና እንደሚያደርግላቸው ነገረን። ክፋት የለበትም፤ ለሟች ሁሉ የሚደረግ ክብር ነው፤ ለቅሶ ቤት ሁሉ የሚታየው ፎቶ እንዲያ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ያን ያህል ፈልገን ያገኘነውን ሰው በሌላ ሰው ልብስ ሊቀብሩብን እንደሆነ ተሰማኝ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ልጃቸው ቀደመችኝ።

«ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ኮት ነበር» አለች። ጥቁር ኮት ነው፤ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ኮት የሌለው ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ ይለብሰዋል። ገበሬ ለብሶታል፤ ተማሪ ለብሶታል፤ ሥራ ፈላጊ ለብሶታል፤ ከመናኸሪያው ወርዶ በዚያው ዕለት መታወቂያ የሚያስፈልገው መንገደኛ ለብሶታል። ትከሻው ሰፊ ስለነበር ለቀጫጭኖቹ አባቷ ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ያጠቡት ነበር። ከፊት አይታይም። «ግማሹ የሐዋሳ ሰው በአባዬ ኮት ነው ፎቶ የተነሳው» አለች። «እሱ ግን አንድም ቀን ለብሶት አያውቅም። እንዲሁ ይሁን።»

ልጁ እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ። እኔም በዚያች ደቂቃ ያወቅኩት ነገር አለ፤ ልናገር የነበረው ሁሉ ስሕተት ነበር። የሰውን መልክ ማሳመር ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን በፍቅር የሠሩት ሥራ ነው። ኮት ማልበስን የሚንቁ ሰው አልነበሩም። እኔ ንጹሕና ያልተነካካ ፎቶ የሚለው የክበባችንን ሃይማኖት ልሰብክ ነበር። እርሷ የተናገረችው ስለ አባቷ ነው።

በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ታተመ። የልጅ ልጃቸው ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይዞት ሄደ።

በቀብሩ ላይ ከእኛ መካከል ካሜራ ያነሳ የለም። ክበቡ በተቋቋመ ሰሞን በዚህ ጉዳይ ተከራክረን ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፎቶ ጋዜጠኛው ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ስፍራ አፈር አንስታ ፊቷ ላይ የምትበትን ሐዘንተኛ አነሳ። ፎቶው እ.ኤ.አ. ለ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ሆነው ከታጩት አንዱ ሲሆን ጠረጴዛችን ዙሪያ ለሁለት ተከፈልን፤ ሐዘን ላይ ካሜራ ይነሳል ወይስ አይነሳም? ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «ሐዘኑ እንዲታይለት የሚፈልግ ሰው አለ፤ እንዲሸፈንለት የሚፈልግም አለ። መጀመሪያ ሰውየውን እዩት» አሉ። በቀብራቸው ላይ ማንን ማየት እንደነበረብን አላውቅም። ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ዚፑን አልከፈትኩም። ልክ አድርጌ እንደሆነ ዛሬም ለራሴ አልመለስኩም።

ከጀርባው

ለአርባቸው ስንሄድ ባዶ እጃችንን መሄድ አልቻልንም። ስድስት ዓመት ከእርሳቸው ጋር ካነሳናቸው መካከል 40 ፎቶ መርጠን አሳተምን፤ አንዱም ላይ እርሳቸው የሉም። ጀልባ፣ መረብ፣ ጭጋግ፣ አባ ኮዳ፣ የዓሣ ሾርባ የሚጠጡ ሰዎች። ይዘን ስንገባ አፈርኩ። አባቷን ለምትናፍቅ ልጅ የዓሣ ፎቶ ምን ያደርግላታል?

አንድ በአንድ አየችው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለችና ጠየቀችኝ፤ «እዚህ ላይ አባዬ የት ነበር?»

«ከኋላዬ፣ በግራ በኩል» አልኳት። «ጀልባው ዘንበል እስኪል ጠብቂ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው።»

እርሳስ አመጣች። ፎቶውን ገልብጣ ሰጠችኝና ያልኩትን እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ከዚያ እርሳሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባጃጅ ነጂው «ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠው ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር» ብሎ ጻፈ። ነርሷ «መረቡን ከፍ አድርገው ይዘውልኝ፣ ከፍሬሙ ውጭ» ብላ ጻፈች። አንዱ ተማሪ «ታመው የቀሩበት እሑድ ነው፤ ማታ ደውለው እንዴት ነበር ብለውኛል» ብሎ ጻፈ። ያቺ አዲሷ ልጅ የራሷ ፎቶ አልነበራትም፤ የሰውን ጽሑፍ እያነበበች ታስተካክል ነበር፤ «አይ፣ በዚያ ቀን ጋቢ አልለበሱም፤ ጃኬት ነበር።»

39ኙ ተጻፈባቸው። አንዱ ቀረ። የእኔ ፎቶ ነው፤ ጭጋግ በሐይቁ ላይ፣ አንድ ጀልባ፣ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው። ያን ወር ከሁሉ የበለጠ የቡና ፍሬ ያገኘው እርሱ ነበር። የት እንደቆሙ ለማስታወስ ብዙ ታገልኩ። አጠገቤ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ካሜራቸው ከልብሳቸው ቁልፍ ጋር ይሁን ከምን ጋር ሲጋጭ ቀጭን ድምፅ ሰምቼ ነበር። ግን በቀኝ ይሁን በግራ፣ ዘወር ብዬ አላየሁም።

ልጃቸው ፎቶውን ተቀበለችኝ። እርሳሱን ፎቶው ላይ እንደ ተጋደመ ትታ መሳቢያ ውስጥ ለብቻው አስቀመጠችው። «ሲመጣልሽ ትጽፊበታለሽ» አለችኝና ቡናውን ለመቅዳት ተነሳች።